የማይቆጠር ሻንጣ

«ሻንጣው ሁለት ሲሆንስ? ኤስ ልጨምርበት?»

ሱሀይላ መልሱን ታውቀዋለች። እሑድ ዕለት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በዚሁ ርዕስ ተፈትና ከሃያ ሃያ አግኝታለች። «ላጌጅ» የማይቆጠር ስም ነው፤ ሻንጣው አንድም ይሁን መቶ፣ መጨረሻው ላይ ኤስ አይገባበትም። ቲቸር አንዱዓለም ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።

«አዎ ኡሚ፣ ጨምሪበት» አለች።

እናቷ ዘይቱና ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብላ «ቱ ላጌጅስ» ብላ ጻፈች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ መስመሩን እንዳይለቁ እየተጠነቀቀች ነው የምታሰፍራቸው። ስትጨርስ ደብተሩን ራቅ አድርጋ አየችውና ፈገግ አለች።

«ይኼ ቀላል ነው እኮ! በከንቱ ነው ለካ እንግሊዝኛን ስፈራው የኖርኩት።»

የተቀመጡት ጅዳ ውስጥ፣ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር በተከራዩት ቤት፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ካለች የፕላስቲክ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ዘይቱና ከሥራ ገብታ መግሪብ ከሰገደች ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላትም። ጣቶቿ ክሎሮክስ በሚባለው በረኪና ተላልጠው እስክሪብቶውን በሁለት ጣቷ ብቻ ነው የያዘችው።

ወሬው የመጣው ሰኞ ዕለት ነበር። የሱሀይላ አባት አዩብ ከጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መካ ሐጃጆች የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። መካ ውስጥ ሀጀር የምትባል የሥጋ ዘመድ አለችው፤ አያቷ ለሐጅ ሄደው እዚያው የቀሩ፣ እሷም እዚያው ተወልዳ ያረጀች ሴት ናት። ቤተሰቡ ሁሉ በዐረብኛ አክስት ለማለት ኻላ ሀጀር ይላታል። የድምፅ መልእክት የላከችው እሷ ናት። መካ ውስጥ አዲስ ሆቴል ተከፍቷል፤ ክፍል የሚያጸዱትን ሴቶች የምትቆጣጠር ሙሽሪፋ ይፈልጋሉ። ዐረብኛው ለዘይቱና አያስቸግራትም፤ የየቀኑ ሪፖርት ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ፈተናው ቅዳሜ ነው። ኻላ ሀጀር ማጥኛ የሚሆን አርባ ቃላት ያሉበት ወረቀትም ፎቶ አንስታ ልካለች።

ዘይቱና ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ኦብሑር በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ባለ ቪላ ውስጥ ነው የሠራችው። ሦስት ፎቅ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ሰባት። ፈጅር ሰግዳ ትወጣለች፣ መግሪብ ላይ ትመለሳለች። አገር ቤት ሐርቡ ሳለች ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው ትምህርት አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብላ አስባ አታውቅም። መልእክቱን ሰምታ ስትጨርስ ስልኳን ደረቷ ላይ አስደግፋ «ያ ረብ» አለች። አዩብም ደስ አለው። ኻላ ሀጀር ከቤቷ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ባዶ አላት፤ እሱም ቢሆን ግማሽ ሳምንቱን የሚያድረው መካ ነው።

ሱሀይላን ግን ማንም አልጠየቃትም። አሁን የምትማረው ጅዳ ባለው የሐበሻ ትምህርት ቤት ነው፤ መካ ከሄዱ የምትገባው የዐረብኛ ትምህርት ቤት ነው። ዐረብኛ መናገሩን ትናገራለች፤ ሒሳብና ሳይንስ ግን ተምራበት አታውቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሪሃና አለች፤ እታች ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ጓደኛዋ።

እንዲያም ሆኖ ለመዋሸት ብላ አልተቀመጠችም። ፎጣና ትራስ እንደሚቆጠሩ በትክክል ነው ያስረዳቻት። ውሃ፣ ስኳርና ሩዝ እንደማይቆጠሩም ነግራታለች፤ ዘይቱናም «እውነት ነው፣ ሩዝ ማን ይቆጥራል?» ብላ ተቀበለች። ከዚያ ሻንጣው መጣ፤ «አዎ» የሚለውም ቃል ከአፏ አመለጠ።

ከሻንጣው በኋላ ያሉት ቀለሏት። ዘይቱና ራሷ ነበረች የምትመልሰው።

«ፈርኒቸር ማለት ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን አይደል? እሱማ ይቆጠራል። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ስወለውለው ነው የምውለው። ፈርኒቸርስ!»

«ልክ ነሽ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ውሸቱ ከእውነቱ ይልቅ እውነት ይመስላል። በእጅ የሚነሳ፣ በዐይን የሚታይ ነገር አይቆጠርም ማለቱ ነው ለሰሚው ግራ የሚሆነው። «ኢክዊፕመንት» የሚለው የሥራ ዕቃም፣ «ኢንፎርሜሽን» የሚለው መረጃም እንደዚሁ ኤስ ተቀጠለላቸው። ባጠቃላይ አራት ቃላት። አራት ቃል አንድን ሰው ፈተና ይጥላል አይጥልም፣ ሱሀይላ አላወቀችም። ይጥላል ብላ ግን ተስፋ አድርጋ ነበር፤ ይህን ለራሷም ቢሆን አልደበቀችውም።

ዘይቱና ቃላቱን ከሶፍት ካርቶን ላይ በቀደደችው ወረቀት ገልብጣ ዐባያዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ጎረቤቷን አግኝታ ስታወራት ሱሀይላ በበሩ ክፍተት ሰማቻት።

«ሰው ገንዘብ ከፍሎ አስተማሪ ይፈልጋል፤ እኔ ቤቴ ውስጥ አለችኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ሱሀይላ ለሪሃና ነገረቻት። ሪሃና ሳንቡሳዋን አፏ ጋ አድርሳ አቆመችው።

«ምን አደረግሽ?»

«አራት ቃል ብቻ ነው።»

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ።»

ሪሃና መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በአንዴ ጠፋ፤ ሳንቡሳውንም ወደ ላስቲኩ መለሰችው።

«እናትሽ መካ ብትቀጠር ስንት ሰዓት ነው ቤት የምትገባው?»

«ዐስር ላይ ትወጣለች አሉ።»

«ዐስር ላይ» አለች ሪሃና። የሷ እናት ኦብሑር አሠሪዎቿ ቤት ነው የምታድረው፤ ሪሃናን የምታሳድጋት አክስቷ ናት። «የኔ እናት አርብ ከጁምዓ በኋላ መጥታ ዒሻ ሳይደርስ ትመለሳለች። ጸጉሬን ሠርታ ሳትጨርስ ነው ሹፌሩ የሚደውለው።»

«ካንቺ እንዳልለይ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔን ምክንያት አታድርጊኝ።» ድምፅዋ ከፍ ስላለ አጠገባቸው የተቀመጡት ልጆች ዞር አሉ። ዝቅ አደረገችው። «እናትሽን ደረጃ ላይ ሳገኛት ምን ብዬ ነው ሰላም የምላት? በኔ የተነሳ ነው የቀረሽው ልበላት? ሼም ነው፣ ሱሂ።»

«ልትነግሪያት ነው?»

«እኔ ምን አግብቶኝ! አንቺ ንገሪያት።»

ደወሉ ተደወለ። ሪሃና ሳንቡሳዋን ሳትበላ ይዛው ወደ ክፍል ገባች፤ ቀኑን ሙሉም ስለ ሌላ ነገር ብቻ አወራች።

አርብ ከሰዓት አዩብ ቤት ነበር። ዘይቱና ፊቱ ቆማ ካርቶኗን ጀርባዋ ላይ ደብቃ ቃላቱን በቃሏ አነበነበችለት። ምንም ባይገባውም አጨበጨበላት፤ «አስተማሪዋም ጎበዝ ናት» ብሎ የሱሀይላን ራስ ዳበሰ።

«ኡሚ» አለች ሱሀይላ።

«ወይ የኔ ሸጋ?»

«ምንም። ነገ በጊዜ እንድንነሳ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት አዩብ ሐጃጆች ሊቀበል ስለሄደ እናትና ልጅ ከአል-ባላድ አጠገብ በሚነሳው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ዘይቱና መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። «ዘ ጌስት ሌፍት ቱ ላጌጅስ»፤ እንግዳው ሁለት ሻንጣ ትቶ ሄዷል። ደጋግማ ነው የምትለው። ሱሀይላ ከከተማው ስንወጣ እነግራታለሁ አለች በልቧ። ከከተማው ወጡ። ከፍተሻው በኋላ እነግራታለሁ አለች። ፍተሻው ላይ ፖሊሱ ገብቶ ኢቃማቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አይቶ መለሰላቸው፤ አውቶቡሱም ቀጠለ። ቀይና ግራጫ ተራሮች እየቀረቡ መጡ፤ ዘይቱና ዐይኗን ገልጣ ዱዓ ማድረግ ጀመረች። ዱዓ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይቋረጣል?

የኻላ ሀጀር ቤት ኮረብታ ላይ ነው፤ ደረጃው ብዙ ነው። አሮጊቷ እላይ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው። አማርኛዋ ከዐረብኛ ጋር የተቀላቀለ፣ ቃል እየፈለገች የምትናገረው ነው።

«ተዓሊ፣ ተዓሊ ሱሀይላ! ነይ ላሳይሽ።»

እጇን ይዛ ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰደቻት። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ሥር የልጅ መማሪያ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ቀለሙ ገና አዲስ ነው፣ ይሸታል።

«የልጅ ልጄ ነበር። አሮጌ ነው። እኔ ቀባሁት» አለች ኻላ ሀጀር፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም እያሳየች። «አጥኚ፣ እዚህ። አይሞቅም። ሀዋ አለ፣ ነፋስ።»

«ሹክረን ኻላ» አለች ሱሀይላ። ምሳ ሩዝ በዶሮ ቀርቦ ነበር፤ እናቷ በፈተናው፣ እሷ ደግሞ በዚያ ሰማያዊ ጠረጴዛ ምክንያት፣ ሁለቱም ብዙ አልበሉም።

ዙሁር ሰግደው ወደ ሆቴሉ ወረዱ። እንግዳ መቀበያው ሰፊ ነው፤ ወለሉ ከማንጸባረቁ የተነሳ ዘይቱና ጫማዋን ምንጣፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገች። በር ላይ ያለው ሠራተኛ ስሟን መዝግቦ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲጠብቁ ነገራቸው። ከነሱ በፊት የመጡ ሁለት ሴቶች ውስጥ እየተፈተኑ ነበር።

ከፊት ለፊታቸው አሁን የገቡ እንግዶች ሻንጣ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዘይቱና እንግሊዝኛውን በጣቷ አየር ላይ እየተከተለች አነበበችው። ሻንጣችሁን እዚህ አትተዉ ነው የሚለው። በመጨረሻ ወደ ልጇ ዘንበል ብላ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

«ሱሂ፣ አየሽ? ይኼን የሚያህል ሆቴል ሠርተው ኤሷን ረስተዋታል። ላጌጅ ብቻ! እዚህ የሚቀመጠው አንድ ሻንጣ ነው እንዴ?»

ሱሀይላ ማስታወቂያውን አየችው።

«ኢንሻአላህ ከተቀጠርኩ» አለች ዘይቱና፣ «መጀመሪያ የማስተካክልላቸው ይኼን ነው።»

«ኡሚ፣ አልረሱም።»

«እ?»

«ኤስ የለውም። ላጌጅ አይቆጠርም።»

«እንዴት አይቆጠርም? ይኸው።» ዘይቱና በአገጯ ወደ ሻንጣዎቹ አመለከተች። «ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አሁን ልገባ ስል አትቀልጂብኝ ልጄ፣ ልቤ እንዲሁም እየመታ ነው።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ዋሽቼሽ ነው። ፈርኒቸርም ኤስ የለውም። ኢክዊፕመንትም፣ ኢንፎርሜሽንም።»

ዘይቱና ልጇን አየቻት፣ ማስታወቂያውን አየችው፣ እንደገና ልጇን አየቻት። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ነው የጠፋው። ሱሀይላ እንድትጮህባት ፈልጋ ነበር፤ አልጮኸችባትም።

«ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«አራት ብቻ?»

«ወላሂ አራት ብቻ።»

ዘይቱና ካርቶኗን ከኪሷ አውጥታ ከእስክሪብቶ ጋር ሰጠቻት። «ሰርዢልኝ።»

ሱሀይላ አራቱን ኤሶች ሰረዘች። እናቷ በጥንቃቄ ባሰፈረቻቸው ፊደሎች ላይ መስመር አሰመረችባቸው።

«ታዲያ ሁለት ሻንጣ ለማለት ምንድን ነው የምለው?»

«ቱ ፒስስ ኦፍ ላጌጅ። ኤሱ ፒስ ላይ ነው የሚገባው።»

«ፒስ ላይ» ብላ ዘይቱና ደገመችው፤ እያጠናችው ይሁን እየተናደደች አይለይም።

የውስጠኛው በር ተከፈተ። የክፍሎች ኃላፊዋ ራቢዓ፣ መነጽር ያደረገች ወፍራም ሴት፣ ወረቀቷን እያየች «ዘይቱና!» ብላ ተጣራች። ዘይቱና ተነሥታ ዐባያዋን አስተካከለች። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች።

«ለምን?»

«መካ መምጣት አልፈለግኩም።»

«እሱን ልትነግሪኝ ትችይ ነበር» አለችና ገባች።

ሱሀይላ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ቀረች። ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ወደ አሳንሰሩ ወሰዷቸው፤ ሌሎች እንግዶች ገቡ፣ ሌላ ሻንጣ መጣ። እናቷ ስትወጣ ራቢዓ አብራት ነበረች፤ የፈተናውን ወረቀት ይዛለች።

«ዐረብኛሽ ጥሩ ነው» አለቻት በዐረብኛ። «ሥራውንም ታውቂዋለሽ፤ አልጋ አነጣጠፍሽን አይቻለሁ። ይኼን ጽሑፍ ግን እንዴት ልቀበለው? እዚህ ጋ ኤስ አለ፣ ታች ያው ቃል ኤስ የለውም። ተጽፎ ይሰረዛል፣ ተሰርዞ ይጻፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ተመለሺና ድገሚው። እስከዚያ የምታልፍ ሴት ከመጣች ግን ቦታውን እሰጣታለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

ወደ ውጭ ወጡ። ፀሐዩ ነጭ ነበር። ዘይቱና ጥላ ያለበት ግድግዳ ሥር ስትደርስ ቆመች።

«የፎጣውን፣ የታወልስን ኤስም ሰርዤዋለሁ» አለች። «የትራሱን፣ የፒሎውስንም። አራት ነው አልሽኝ፤ ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን ሳይ ግን ሁሉንም ጠረጠርኩት። የትኛውን እንደማምን አላወቅኩም።»

«ይቅርታ ኡሚ።»

«ሰምቻለሁ።»

ሐረም ሄደው ሰገዱ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ተመለሱ። መንገዱን ሙሉ ዘይቱና አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው።

«ለአባትሽ ፈተናው ከበደኝ ነው የምለው።»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

«እንዳሻሽ።»

ሱሀይላ በማግስቱ ነገረችው። አዩብ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋና መጨረሻ ድረስ ሰማት። «አይ ሱሀይላ» ብቻ አለ።

ዘይቱና ማጥናቷን አላቆመችም። የሱሀይላን መጽሐፍ ተውሳ ወጥ ቤቷ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ሱሀይላንም መጠየቋን አልተወችም፤ አሁን ግን ስልኳ አጠገቧ ነው።

«ቶስት የሚባለው ዳቦስ? ብሬድ?»

«አይቆጠርም።»

ዘይቱና ስልኳን ታነሳለች፣ ፊደሎቹን እየፈለገች ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ደብተሯ ላይ ታሰፍረዋለች። ሱሀይላ ይህ ሁሉ እስኪሆን ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። በአራተኛው ቀን መልሱን ከተናገረች በኋላ ራሷ ስልኩን ወደ እናቷ ገፋ ማድረግ ጀመረች።

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ዘይቱና «ጸጉርስ?» ብላ ጠየቀች።

«ራስ ላይ ያለው አይቆጠርም። አልጋ ላይ ወድቆ ከተገኘ ግን ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት ይባላል።»

ዘይቱና ስልኳን አየች። እውነት ነበር። ስልኩን አስቀምጣ መሳቅ ጀመረች።

«ይኼንስ የሆቴል ሰው ነው ያወጣው! ራስ ላይ ሳለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ አንዷ አንሶላ ላይ ከተገኘች ግን ሰው ከሥራ ይባረርባታል።»

ሱሀይላም ሳቀች። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳቁ ካለፈ በኋላ ዘይቱና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«መካ ምኑ ነው ያስጠላሽ?»

«መካ አይደለም። ሪሃና አለች። ትምህርቱ ደግሞ… እዚህ ጎበዝ ነኝ። እዚያ አስተማሪው በዐረብኛ ሒሳብ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ ነው የምቆመው። ደደብ ናት ነው የሚሉኝ።»

ዘይቱና የተላላጡ ጣቶቿን እያሻሸች አሰበች።

«እኔ የኦብሑሩን ደረጃ ሌላ ዓመት አልችለውም፣ ሱሂ። ጉልበቴ እንቢ ብሏል። ስለዚህ ካለፍኩ እንሄዳለን። ብታለቅሺም እንሄዳለን። ማልቀስሽን ግን ልወቀው። ሌላ ክፍል ገብተሽ አታልቅሺብኝ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አይደለም።»

«እሺ፣ እነግርሻለሁ።»

ሁለተኛው ፈተና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት፣ ሱሀይላ ወደ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደች። መዝጋቢው አቶ አንዋር ከኮምፒውተሩ ላይ ዐይኑን አላነሳም።

«ምን ልርዳሽ?»

«የመሸኛ ቅጽ ይሰጡኛል?»

አሁን ቀና አለ። «ለማን?»

«ለራሴ። መካ ልንሄድ እንችላለን።»

«እንችላለን ማለት?»

«እናቴ ቅዳሜ ፈተና አላት። ካለፈች ነው።»

«ታዲያ ትለፍና ትመጫለሽ። ምን አስቸኮለሽ?»

ሱሀይላ የእንጨት መደርደሪያውን ጠርዝ ያዘች። ቅዳሜ እናቷ አልፋ ስትወጣ እሷ ሌላ ምክንያት ልትፈልግ እንደምትችል፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ልታዘገየው እንደምትችል ታውቃለች። ይህን ለአቶ አንዋር ማስረዳት ረጅም ነበር።

«ግድ የለም፣ አሁን ይስጡኝ።»

አቶ አንዋር መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። «ወላጅ መፈረም አለበት።»

«ትፈርማለች።»

እዚያው ቆማ ሞላችው። ስም፣ የአባት ስም፣ ክፍል፣ የገባችበት ዓመት። «የሚለቁበት ምክንያት» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ «የእናት ሥራ» ብላ ጻፈች። የፊርማው ቦታ ባዶ ቀረ።

ሪሃና ኮሪደሩ ላይ የሁለቱንም ቦርሳ ይዛ እየጠበቀቻት ነበር።

«ምንድን ነው?»

ሱሀይላ ወረቀቱን ሰጠቻት። ሪሃና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ የሱሀይላን ቦርሳ ዚፕ ከፍታ አቀበለቻት።

«ደብተር መሀል አድርጊው» አለች፣ «እንዳይጨማደድ።»